ከአይናለም ጉድጓዶች እስከ ጊባ ግድብ፦ የመቀሌ ውሃ በምን ቅደም ተከተል ይታቀድ?

በመቀሌ ቤት የሚያሠራ ሰው ገና መሠረት ሳያወጣ ስለ ሮቶ ያስባል። ሮቶው ባለ አንድ ሺህ ወይም ባለ ሁለት ሺህ ሊትር ይሆናል፤ አቅም ያለው ከመሬት በታች በሲሚንቶ የተለሰነ ማጠራቀሚያም ይጨምራል። ፈረቃው ሲደርስ ይሞላል፤ ፈረቃው ሲዘለል ቦቴ ይጠራል። ሮቶ መግዛት ያልቻለ ጄሪካን ይደረድራል፣ የጋሪ ውሃ ይገዛል። ለዚህ ሁሉ የሚወጣው ገንዘብ ከተማዋ ለውሃ የምታወጣው ወጪ አካል ነው፤ በየትኛውም መሥሪያ ቤት በጀት ላይ ግን አይመዘገብም። የመሠረተ ልማት ጉድለት ዋጋው አይጠፋም፣ ከመንግሥት መዝገብ ወጥቶ ወደ እናቶች መቀነት ይዛወራል እንጂ። በጄሪካን የሚገዛው ደግሞ ለእያንዳንዱ ሊትር ከቧንቧ ደንበኛው እጅግ አብልጦ ይከፍላል።

ለመቀሌ ውሃ ምን ይሻላል ሲባል መልሱ ለዓመታት አንድ ነበር፦ ግድብ። ይህ ዳሰሳ ግድብን ለመቃወም የተጻፈ አይደለም። የጊባ ወንዝ ውሃ ካልታከለበት መቀሌ በዚህ ዕድገቷ የምትጠጣው አይበቃትም ብዬ አምናለሁ። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ግድቡ እስኪደርስ ምን ይሠራል? ሲደርስስ ውሃውን የምትቀበለው ከተማ ተዘጋጅታለች? ብዙ ውሃ ማግኘትና በተባለው ቀን ውሃ ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ እቅዶቻችን ግን በአብዛኛው የመጀመሪያውን ብቻ ይቆጥራሉ።

ከተፈጥሮው እንነሳ። መቀሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ፣ በእንዳየሱስ ጋራ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት። የሚዘንብላት በአማካይ በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ወርዶ ያልቃል። ፀሐይና ነፋሱ ማትነን የሚችሉት ውሃ ደግሞ ከሚዘንበው በእጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ የዓመቱ ውሃ በሁለት ወር ውስጥ ወይ መሬት ውስጥ ሊሰርግ፣ ወይ አንድ ቦታ ሊጠራቀም ይገባል። አጼ ዮሐንስ 4ኛ መቀመጫቸው ባደረጓት ጊዜ የአንድ ቤተ መንግሥትና የአሞሌ ጨው ገበያ ከተማ ነበረች። በ1999 ዓ.ም የሕዝብ ቆጠራ 215,914 ነዋሪ ተመዘገበባት። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲው ሰፋ፣ ኮንዶሚኒየም ተሠራ፣ በ2009 ዓ.ም የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ፤ የትግራይ ጦርነት ደግሞ ተፈናቃዮችን ወደ ትምህርት ቤቶችና እንደ ሰብዓ ካሬ ወዳሉ መጠለያዎች አመጣ።

የሚያስፈልገውን መጠን ለመገመት አዋቂ መሆን አይጠይቅም። በሁለተኛው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን እቅድ መስፈርት መሠረት ሕዝባቸው ከ100 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን የሆኑ ከተሞች ለእያንዳንዱ ነዋሪ በቀን 80 ሊትር ማድረስ ይጠበቅባቸው ነበር። ነዋሪው ግማሽ ሚሊዮን ነው ብለን እናስላ። ለቤት ፍጆታ ብቻ በቀን 40 ሺህ ሜትር ኪዩብ ይሆናል። ከሚመረተው 30 በመቶው በመንገድ ቢጠፋ፣ ይህን ለማድረስ 57 ሺህ ያህል ማምረት ግድ ይላል። ፋብሪካው፣ ሆቴሉ፣ የአይደር ሆስፒታል፣ የዩኒቨርሲቲው ካምፓሶች በዚህ ሒሳብ ውስጥ የሉም። የ17 ሺህዋን ልዩነት ልብ ይሏል፤ ኋላ እንመለስባታለን።

የከተማዋ ዋና ምንጭ ለረጅም ጊዜ የአይናለም የጉድጓድ መስክ ነው። አይናለም ከከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ ያለ ሜዳ ነው። ከሥሩ የእንጣሎ ኖራ ድንጋይ፣ የአጉላዕ ሸክላማ ድንጋይና በመካከላቸው ሰንጥቆ የገባ ዶለራይት የተባለ ጥቁር ድንጋይ ይገኛሉ። ውሃው የሚገኘው በስንጥቅና በኖራው ውስጥ በተቦረቦሩ ክፍተቶች ነው። እንዲህ ያለ የከርሰ ምድር አቀማመጥ ለቆፋሪ ፈተና ነው፤ አንዱ ጉድጓድ በሰከንድ ብዙ ሊትር ይሰጣል፣ ጥቂት መቶ ሜትር ራቅ ብሎ የተቆፈረው ደረቅ ይወጣል። ጂፕሰም ያለበት ድንጋይ ውስጥ ስለሚያልፍ ውሃው ከባድ ነው፤ የመቀሌ ሰው በማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል።

አይናለም ከተማዋን ታድጓል፤ ውለታው አይካድም። ነገር ግን ስፋቱ የተወሰነ ነው፣ የሚሞላውም በዚያው በሁለት ወር ዝናብ ነው። ከሚሞላው በላይ ዓመት ከዓመት ሲሳብ የውሃው ወለል ይወርዳል፣ ፓምፑ ወደ ታች ይገፋል፣ የኤሌክትሪክ ሒሳቡ ይጨምራል፣ በመጨረሻም ጉድጓዱ አየር መትፋት ይጀምራል። የተለመደው ምላሽ አጠገቡ ሌላ መቆፈር ነው። ከአንድ ድስት የሚጨልፉ ጭልፋዎች ቢበዙ ወጡ አይበዛም፤ በተመሳሳይ የውሃ አካል ላይ የተደረደሩ ጉድጓዶችም እርስ በርስ ይሻማሉ እንጂ አዲስ ውሃ አይፈጥሩም። አዲስ ጉድጓድ ግን ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጥለታል፤ የነባሮቹን ጉድጓዶች የውሃ ወለል በየወሩ የሚለካ ባለሙያና መሣሪያ ማንም አይመርቅም። በዚህ ላይ ከተማዋ ወደ ሜዳውና ወደ ኩሓ አቅጣጫ በሰፋች ቁጥር ዝናብ ይሰርግበት የነበረው መሬት በአስፋልትና በጣሪያ ይሸፈናል፣ የመጸዳጃ ጉድጓዶችም ከውሃው በላይ ይቆፈራሉ።

ወደ ግድብ ከመሄዳችን በፊት ትግራይ በግድብ ያላትን ልምድ መቁጠር ተገቢ ነው። በ1987 ዓ.ም ገደማ ኮሳርት በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው የክልሉ ኮሚሽን በአሥር ዓመት ውስጥ 500 ትናንሽ የመስኖ ግድቦች ለመሥራት አቅዶ ተነሳ። የተሠሩት የእቅዱ አንድ አሥረኛ ገደማ ናቸው። ቁጥሩ ሳይሆን የሆነው ነገር ነው የሚያስተምረው። አንዳንዶቹ በጥቂት ዓመታት ደለል ሞላባቸው። አንዳንዶቹ በታችኛው ድንጋይ ስንጥቅ ውሃ እያሰረጉ ከክረምት በኋላ ባዶ ቀሩ። ሌሎቹ ደግሞ ከመጀመሪያውም የሚገባላቸው ውሃ ተጋኖ ተገምቶ ነበር። ከጊዜ በኋላ በክልሉ 92 ትናንሽ ግድቦች ላይ በተደረገ ጥናት ከግማሽ የሚበልጡት የደለል ችግር፣ ከግማሽ የሚበልጡት ደግሞ የስርገት ችግር እንዳለባቸው ታይቷል። የሚያሰርገው ውሃ ከግድቡ በታች ያለውን የእጅ ጉድጓድ ስለሚሞላ ገበሬው ሁልጊዜ አይከስርም። ለከተማ የቧንቧ ውሃ የታሰበ ግድብ ላይ ግን እንዲህ ያለ መጽናኛ የለም።

አሁን ወደ ጊባ። እቅዱ ከመቀሌ በስተሰሜን ምዕራብ፣ የሱሉሕ፣ የገንፈልና የአጉላዕ ወንዞች በሚገናኙበት ሸለቆ 80 ሜትር ያህል ቁመት ያለው ግድብ አቁሞ ወደ 350 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ መያዝ፣ ማጣራትና ወደ ከተማዋ መግፋት ነው። ገንዘቡ በአብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የሚገኝ ብድር ሆኖ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ ሥራውን የያዘውም የቻይና ተቋራጭ ነበር። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም ጦርነቱ ሲጀመር ሥራው ቆመ።

ሦስት ነገሮች በዚህ እቅድ ላይ ደጋግመው ሊጠየቁ ይገባል፤ ከሦስቱ ደግሞ ደለሉ ይብሳል።

ወደ ግድቡ የሚፈሰው ውሃ ከ2,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ካለው፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ከታረሰና ከተጋጠ ተራራማ መሬት ነው የሚሰበሰበው። የሐምሌ ጎርፍ ጠጥተው የሚያውቁት ውሃ አይደለም፤ ቀይ አፈር ነው። ስለዚህ የጊባ ግድብ ዕድሜ የሚወሰነው በኮንክሪቱ ጥራት ሳይሆን በላይኛው ተፋሰስ፣ በክልተ አውላዕሎና በሐውዜን ገበሬ ማሳ ነው። ደግነቱ እዚህ ላይ ትግራይ ከሌላው ዓለም ትምህርት መለመን የለባትም። በነጻ የሕዝብ ጉልበት የተሠራው እርከን፣ ከከብት የተከለለው ተራራ፣ የጎርፍ መቀልበሻው ቦይ በዓለም መድረክ ተሸልሟል፤ የውቅሮ ጎረቤት የሆነችው የአብርሃ ወአጽብሃ መንደር እ.ኤ.አ በ2012 የኢኳቶር ሽልማት፣ ክልሉ ደግሞ በ2017 በረሃማነትን በመዋጋት ሥራው የወርቅ ሽልማት አግኝተዋል። ከጦርነቱና ማገዶ ፍለጋው በኋላ ግን ከተከለሉት ተራራዎች ብዙው ተመንጥሯል። እንግዲህ የውሃ ፕሮጀክቱ በጀት ውስጥ ለተፋሰሱ የሚመደብ ቋሚ ድርሻ ከሌለ የሚገነባው የደለል ማጠራቀሚያ ነው። አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ተራራው ሲያገግም ደለሉን ብቻ ሳይሆን ጎርፉንም ይቀንሳል፤ የሚሰርገው ውሃ ይበዛል፣ ወደ ግድቡ የሚደርሰው ያንሳል። ስለዚህ በተራቆተ መሬት ላይ የተለካ የወንዝ ፍሰት ለነገው ግድብ መነሻ ሊሆን አይችልም፤ ስሌቱ በየጊዜው መታደስ አለበት።

ሁለተኛው ከፍታው ነው። ሸለቆው ታች፣ ከተማዋ ላይ ናት። አንድ ሜትር ኪዩብ ውሃ 100 ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት ፊዚክስ 0.27 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠይቃል፤ የፓምፑና የቧንቧው ብክነት ሲታከል 0.4 ገደማ ይደርሳል። 50 ሺህ ሜትር ኪዩብ በየቀኑ 300 ሜትር ሽቅብ ይገፋል ብንል በቀን 60 ሺህ ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ይህ ወጪ አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ አይደለም፤ ግድቡ እስካለ ድረስ በየወሩ የሚመጣ ሒሳብ ነው። መብራት በተቋረጠ ቀን ደግሞ ውሃውም ይቋረጣል። መቀሌ ይህን በጦርነቱ ዓመታት በደንብ አይታዋለች። ከ2002 ዓ.ም ጀምሮ ኃይል የሚሰጠው፣ 300 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የተከዜ ግድብ በዚያው ክልል እያለ፣ መስመሩ ሲቆረጥ፣ ለጄኔሬተር ነዳጅ ሲጠፋ፣ ማጣሪያ ኬሚካል መግባት ሲያቅተው ጉድጓዶቹ ውሃ እያላቸው ቧንቧው ደረቀ። የእርዳታ ድርጅቶች በቦቴ ውሃ ማመላለስ ጀመሩ። በዚያ ወቅት የጎደለው ውሃ አልነበረም።

ሦስተኛው ገንዘቡ ነው። ብድሩ በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ደንበኛው የሚከፍለው ግን በብር ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ በ2021 ዕዳዋ እንዲሸጋሸግላት በቡድን 20 ማዕቀፍ ጠየቀች፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ትናንት በብር የተሠራው የአዋጭነት ስሌት ዛሬ ሌላ ሆኗል ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ ሁሉንም በአንድ ግዙፍ ውል ላይ ማንጠልጠል አደገኛ ነው።

አንድ የቁጥር ነገር ደግሞ አለ። በላይ እንዳሰላነው ከተማዋ በቀን 57 ሺህ ሜትር ኪዩብ ብትፈልግ በዓመት 21 ሚሊዮን ያህል ነው። ይህን ለማግኘት 350 ሚሊዮን የሚይዝ ሐይቅ? ከፊሉ ለደለል፣ ከፊሉ ለተከታታይ የድርቅ ዓመታት፣ ከፊሉ ለነገው ሕዝብ ነው፤ ምክንያቱ አለው። ነገር ግን 8 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ሐይቅ በዓመት አንድ ሜትር ተኩል ቢተንበት 12 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ወደ ሰማይ ይሄዳል፤ ከተማዋ ከምትጠጣው ከግማሽ በላይ መሆኑ ነው። ሸለቆው ውስጥ የሚያርሱት ገበሬዎችም መሬታቸውን የሚሰጡት ለዚህ ሁሉ ነው። ካሳቸው ከተቋራጩ ቅድመ ክፍያ በፊት ቢከፈል አንድም ነገር አይጎድልም።

ሌሎች ከተሞቻችን ምን ሆኑ? ሐረር የምትጠጣበት የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ ዓይናችን እያየ ደረቀ፤ መስኖው፣ ጫቱ፣ ደለሉና የከተሞቹ ፍጆታ ተረባርበውበት። ከተማዋ ከዚያ በኋላ ከድሬዳዋ አቅጣጫ ከሀስሊሶ ጉድጓዶች ብዙ አሥር ኪሎ ሜትር ሽቅብ በፓምፕ ማምጣት ግድ ሆነባት፤ መስመሩ የሚያልፍባቸው ከተሞችና ቀበሌዎች "እኛስ?" ማለታቸው አልቀረም። ጎንደር የአንገረብን ግድብ ደለል በላባት፤ መጠጥ ውሃም ይሰጣል የተባለው የመገጭ ግድብ ደግሞ ከ2005 ዓ.ም አካባቢ ተጀምሮ ሲንከባለል ኖረ። ለገዳዲንና ገፈርሳን ይዛ የቆየችው አዲስ አበባ የአቃቂን ጉድጓዶች የጨመረችው ግድቡን በመተው አይደለም፤ በመደገፍ ነው። እኔ ከሁሉም የሐረርን ታሪክ ለመቀሌ እቅድ አውጪዎች አስነብባለሁ፤ ምክንያቱም የክልል ውሃ እቅድ ማለት የአንዱን ከተማ ጥም የሌላውን ገበሬ ሳያስጠማ ማርካት መሆኑን ከዚያ በላይ የሚያሳይ የለም። የጊባ ቧንቧ በሚያልፍባቸው ገጠሮች አጠገብ ቦኖ ሳይተከል ውሃው ወደ መቀሌ ብቻ ቢያልፍ፣ ጠባቂ ቢቆምለት እንኳ አይጠበቅም።

አሁን ወደ 17 ሺህዋ እንመለስ። ያረጀ ቧንቧ የሚያፈሰው፣ ቆጣሪ የማይቆጥረው፣ በሕገወጥ መንገድ የሚቀጠለው ውሃ በኢትዮጵያ ከተሞች ትንሽ አይደለም፤ በአዲስ አበባ ከሚመረተው ከሦስተኛው በላይ የሚባክንበት ጊዜ ነበር። በፈረቃ የሚሠራ መስመር ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። ቧንቧው ሲሞላና ሲራቆት መጋጠሚያዎቹ ይላላሉ፤ ባዶ ሲሆን ከውጭ ያለውን ፍሳሽ ይስባል፤ ውሃው ተመልሶ ሲመጣ አየሩ ቆጣሪውን ያሽከረክረዋል፣ ሰው አየር ይከፍላል። የፈረቃ ጠረጴዛው ራሱ ብክነት ይወልዳል ማለት ነው። ከተማዋን በክፍለ ከተማ ከፋፍሎ፣ ለእያንዳንዱ መግቢያ ላይ ትልቅ ቆጣሪ አስሮ፣ የገባውንና የተሸጠውን ማነጻጸር ግን ብዙ ዶላር አይፈልግም። ከሐድነት እስከ ሐወልቲ፣ ከዓዲ ሓቂ እስከ ሰሜን ውሃው የት እንደሚጠፋ ያሳያል። ከብክነቱ ግማሹ ቢድን፣ ከጊባ ምንም ሳይመጣ ለብዙ አሥር ሺህ ሰው የሚበቃ ውሃ ተገኘ ማለት ነው።

የቆሸሸውን ውሃም ማሰብ አለብን። የናሚቢያዋ ዊንድሁክ፣ እንደ መቀሌ ደረቅ አምባ ላይ የተቀመጠች ከተማ፣ እ.ኤ.አ ከ1968 ጀምሮ የፍሳሽ ውሃዋን አጥርታ መልሳ ትጠጣለች፤ በዝናባማ ዓመትም የተረፈውን ውሃ ወደ ከርሰ ምድር እየመለሰች ታጠራቅማለች። መቀሌ መልሳ ትጠጣ አልልም። ለኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ለግንባታና ለችግኝ የታከመ ፍሳሽ ቢቀርብ ግን ለፋብሪካ የሚሄደው የአይናለም ውሃ ለሰው ይተርፋል፤ የኢላላ ወንዝም ይተነፍሳል። ጎርፍን በአይናለም ሜዳ ዙሪያ እያሰረጉ ጉድጓዱን መሙላትም የትግራይ ገበሬ ለሠላሳ ዓመት የሠራው ሥራ ነው፤ ለከተማው ጉድጓድ ማን ሊከለክለው?

ታሪፍ ደግሞ ሁልጊዜ የሚሸሽ ርዕስ ነው። የ1990ዎቹ መጀመሪያ የውሃ ፖሊሲ የከተማ ውሃ ወጪውን ይሸፍን ይላል፤ በአዋጅ ቁጥር 268/1994 የተቋቋመው የውሃ ሀብት ልማት ፈንድም ለከተሞች የሚያበድረው ይመለሳል ብሎ ነው። ታሪፉ ዝቅተኛ ሲሆን ድሃው ይጠቀማል የሚለው አባባል በመቀሌ ሁኔታ ሐሰት ነው፤ ዝቅተኛው ታሪፍ የሚጠቅመው ትልቅ ሮቶ ያለውን ነው። ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትር ኪዩቦች ርካሽ፣ ከዚያ በላይ ግን እየጨመረ የሚሄድ ዋጋ፣ ለቦኖ ደግሞ የተደጎመ ውሃ ያስፈልጋል። የሚሰበሰበውም ገንዘብ ለጥገና ብቻ የሚውል፣ በራሱ ቦርድ የሚመራ አገልግሎት ካልሆነ ነዋሪው ለምን ይጨምራል?

ፍርዴን ልናገር። የመጀመሪያው ብር ለመለኪያ፣ ለቧንቧ ጥገናና ለጉድጓዶቹ የተለየ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ከመጠባበቂያ ጄኔሬተርና ከፀሐይ ኃይል ጋር ይዋል፤ ይህ በሁለትና በሦስት ዓመት ለነዋሪው ይታያል፣ ለውጭ ብድርም አያጋልጥም። ጎን ለጎን በአይናለም ላይ ያለው ጫና ወደ ሌሎች የጉድጓድ መስኮች ይከፈል፤ ተፋሰሱም ከአሁኑ ይጠገን። ጊባ ይቀጥል፣ ግን በደረጃ፦ መጀመሪያ ማጣሪያውና ዋናው መስመር ለዛሬው ሕዝብ በሚበቃ መጠን፣ ቀሪው ፍላጎቱ በተረጋገጠ ቁጥር። ግድቡ የመጨረሻው ምሰሶ ይሁን፣ ብቸኛው አይሁን።

ለክልሉ ውሃ ቢሮና ለከተማው ውሃና ፍሳሽ አገልግሎት አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ብዙ ገንዘብም የውጭ ብድርም አይጠይቅም። የእያንዳንዱን የአይናለም ጉድጓድ የውሃ ወለል፣ በየቀኑ የሚሰጠውን መጠንና የየሰፈሩን ፈረቃ በየወሩ ለሕዝብ ይለጥፉ። ነዋሪው ምን እንዳለና ምን እንደጎደለ ሲያይ ስለ ታሪፉም ስለ ግድቡም አብሯችሁ ይመክራል።